ሦስት ምንጭ ያለው ጋኔን

ኖርጁንማ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ጋኔን ማረም ነው። ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ቀድማ ትገባለች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ኮምፒዩተር ትይዛለች፤ መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ ወልውላ የኢንተርኔቱን መዝገበ ዕውቀት ትከፍታለች። ይህ መዝገብ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚሰርዝበት ነው። በትልልቆቹ ቋንቋዎች ሚሊዮን ሰው ይጣላበታል። በእኛ በቱቫ ቋንቋ ግን የሚጣሉበት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ከተኳረፉ ቆይተዋል።

ዘርፎቹ የተከፋፈሉ ዕለት ፈረስና በግ ወዲያው ተነጠቁ። ትግልም፣ ተራራም፣ ወንዝም ባለቤት አገኙ። «ጥንቆላ፣ ቃልቻና አጋንንት» የሚለውን ግን የሚነካው ጠፋ። ሁሉም የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ዲፕሎማቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፤ ነገር ግን ስለ ክፉ መንፈስ ጽፈው ሲያበቁ ላማቸው ወተት ብትነሳቸውስ? ኖርጁንማ ላም የላትም። ባልም ልጅም የላትም። «ለእኔ ስጡኝ» አለች፤ ሰጧት። ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ።

ሥራው እንዲህ ነው። የተጻፈውን ታነባለች፣ ማስረጃው ከየት እንደመጣ ታያለች፣ ከዚያ ደረጃ ትሰጣለች። ደረጃው አራት ነው፤ ችግኝ፣ ጅምር፣ ደህና፣ ምርጥ። አብዛኛው ችግኝ ሆኖ ይቀራል። ስለ ሰማይ ቃልቻዎች የተጻፈው አራት መስመር ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ የጸሐፊው አጎት ስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት። ሰረዘችው። «ከእሳት ጋር መነጋገር» የሚለው ከአንድ የሻይ ቅጠል ማስታወቂያ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። እሱንም ሰረዘችው። አንዱ ደግሞ ስለ ራሱ ጽፎ «በሦስቱ ዓለማት የታወቀ» ብሎ መጣ፤ «ለላይኛውና ለታችኛው ዓለም ምንጭ ይጠቀስ» ብላ መለሰችለት፤ እስካሁን እየፈለገ ነው።

እንዲህ ያለውን ምላስ ከየት እንዳመጣችው ለሚያውቋት ግልጽ ነው። ያደገችው በበራሪ ጽሑፍ ነው። በልጅነቷ የመንደሩ መጽሐፍ ቤት አንዲት ቀይ የተቀባች ክፍል ነበረች፤ መደርደሪያዋ «መብረቅ ምንድን ነው?»፣ «ቃልቻው ማንን ይጠቅማል?»፣ «ነፍስ በሚዛን ላይ» በሚሉ ቀጫጭን ጥራዞች የተሞላ። የክፍሏ ኃላፊ ቹልዱም የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር፤ ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው። ቹልዱም እሑድ እሑድ ላም አላቢዎቹን ሰብስቦ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አላቢዎቹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሡ ናቸውና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሁሉም ያንኮራፋሉ። አፏን ከፍታ የምታዳምጠው ኖርጁንማ ብቻ ነበረች።

ካደገች በኋላ የወረዳው ጋዜጣ አራሚ ሆና ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራች፤ በትርፍ ጊዜዋም በየመንደሩ እየዞረች ጋኔን እንደሌለ ንግግር ታደርግ ነበር። በመካከሉ መንግሥቱ ተለወጠ። ቃልቻነት ማኅበር አቋቋመ፣ ማኅተም አስቀረጸ፣ የምስክር ወረቀት ማደል ጀመረ። ማኅተሙን የጨበጡት ሰዎች ቀድሞ የፓርቲ ደብተር ሲያድሉ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። መሳቢያውን እንኳ አልቀየሩም።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ጠዋት ቹልዱም በእግሩ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣ። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ቀኝ ዓይኑ ከግራው ታንሳለች፤ ሁለቱም ከልጅነቱ የመጡ ናቸው። ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኗ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ» አላት፤ ልጅቱ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። «እኔ ጋኔን ነኝ እንዴ?»

«ዛሬ ነው የጠረጠሩት?»

«ቀልዱን ተይውና ስሜን ጽፈሽ ፈልጊ።»

ጻፈች። ጽሑፉ ብቅ አለ። «ቹልዱም፦ በኬምችክ ሸለቆ የሚኖር እርኩስ መንፈስ። አንድ ዓይኑ ከሌላው ያንሳል። ሲሄድ ግራ እግሩን ይጎትታል። በማለዳ ለሰማይ ሻይ የሚረጩ እናቶችን አድብቶ፣ ዘጠኝ ዓይን የሚባሉ ጉድጓዶች የተቆፈሩባትን የእንጨት ማንኪያ ከእጃቸው ይነጥቃል። ሴቶችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ከወረቀት ላይ ረዥም ድግምት ያነብባል፤ የሰሙት ሁሉ ከባድ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።»

ከሥሩ ሦስት ምንጭ ተደርድሯል። አንደኛው፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ከሌኒንግራድ መጥቶ በሸለቆው አንድ በጋ የከረመ ሊቅ መጽሐፍ። ሁለተኛው፣ የሌኒንግራዱን አንብቦ «ማንኪያ መንጠቁ የማሕፀንን መዘጋት ያመለክታል» ያለ አንድ የጀርመን ሊቅ። ሦስተኛው፣ ጀርመኑን አንብቦ ሁሉን ያመነ የአጋንንት መዝገበ ቃላት።

«ድግምት!» አለ ቹልዱም። «ስለ ወተት ንጽሕና የወጣ በራሪ ጽሑፍ ነበር እኮ ያነበብኩላቸው! ባልዲ በሙቅ ውኃ ይታጠብ የሚል!»

ኖርጁንማ ሳቋ አመለጣት፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ «ጸጥታ!» እስክትላት ድረስ ሳቀች። ቹልዱም ግን አልሳቀም። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ ያያቸዋል።

«የሕፃኑን ጸጉር አትቆርጥም አሉኝ» አለ።

ያን ጊዜ ሳቋ ቆመ። የልጅ ልጁ የቺንቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከዚያ መቀስ ያልነካው ጸጉር በድግስ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያዋን ቁንዳላ የሚቆርጠው ደግሞ የእናትየው ወገን ትልቅ ሰው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። በቺንቺ ወገን የቀረ ወንድ ቹልዱም ብቻ ነው። ድግሱ የሚደገሰው በባሏ ቤተሰብ ግቢ ሲሆን፣ የግቢው አዛዥ የባሏ እናት አልዲናይ ናት። አልዲናይ ለሠርግም ለሆድ ቁርጠትም መጀመሪያ ስልኳን ከፍታ የምታማክር ሴት ናት። የምራቷን አያት ስም አስገብታ ፈለገችና አገኘችው።

«ምን አለችዎት?»

«"እኛ ሰው አናማም፣ ጋሼ፤ ግን የሕፃን ጸጉር ነገር ነው" አለችኝ። ከማኅበሩ ቃልቻ ጠርታለች። እሱ ይቆርጣል።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «አንድ ወር በበግ ቆዳ ላይ ስለማመድ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮውን እንዳልነካው ብዬ።»

«ድግሱ መቼ ነው?»

«ከሃያ አራት ቀን በኋላ።»

«ይሂዱ፣ የበግ ቆዳዎን ይቁረጡ» አለችው። «ይቺን እኔ እጨርሳታለሁ።»

መጨረሱ ግን እንዳሰበችው አልሆነም። በኖቮሲቢርስክ የሚኖር፣ በመዝገቡ ላይ ራሱን «ጉጉት» ብሎ የሚጠራ አንድ ጸሐፊ ጽሑፉን በዚያ ሳምንት ጽፎ ለግምገማ አቅርቦታል። ኖርጁንማ በገምጋሚ ዓይን ስታየው ጥርሷን ነከሰች፤ ጽሑፉ እንከን የለውም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእሷ ዘርፍ «ደህና» የደረሰ እንኳ የለም፤ ይኸኛው ግን ማስረጃው በገጽ ቁጥር፣ ቋንቋው የተቃና፣ «ምርጥ» የሚያሰኝ ነው። ሦስት የታተመ ምንጭ ያለውን ነገር ደግሞ በአንድ ሰው ቃል መሰረዝ አይቻልም። ደንቡን ያረቀቀችው እሷ ራሷ ናት፤ ቃልቻዎቹን ለመግታት ብላ።

በውይይት ገጹ ላይ ጻፈች። «ቹልዱም ሰው ነው። ከቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይኖራል።»

ጉጉት መለሰ። «ምንጭ?»

«አውቀዋለሁ። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«የግል ትውውቅ ምንጭ አይሆንም። ማንበብ ማስተማሩንም የጠቀሰ መጽሐፍ የለም፤ ካለ ይጨመርበት።»

በንዴት የቹልዱምን ፎቶ አስገባች። ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ፣ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነሣው ነው። ሰው መሆኑ ከዚህ በላይ በምን ይታያል? በማግስቱ ጠዋት ፎቶው ከጽሑፉ ራስጌ ተለጥፎ ጠበቃት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቹልዱም፣ ለዘመኑ ሰዎች በሚገለጥበት መልክ።» ጉጉት ምስጋናውን ልኳል፤ ጽሑፉ የጎደለው ምስል ብቻ ነበር አለ።

ማኅበሩም አልተኛም። ሐሙስ ዕለት በራቸው ላይ ባለው የአገልግሎት ሰሌዳ «ቹልዱምን ማባረር» የሚል አዲስ መስመር ታየ። ከሰዓት በኋላ ከበሮው ተመታ። ቹልዱም ቤቱ ሆኖ ሰማ።

«አባረሩኝ» አላት በስልክ። «ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ጠጥቼ ልጨርስና እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ።»

«እና?»

«የት ልሂድ? መስኮቱን ዘጋሁት።»

ለድግሱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ኖርጁንማ የሊቁን መጽሐፍ ከመጋዘን አስወጥታ የግርጌ ማስታወሻዎቹን በማጉያ መነጽር ተመለከተቻቸው። ስለ ቹልዱም በሚናገረው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ነጋሪ፦ ላም አላቢ ዳሪማ፣ 28 ዓመት» ይላል። መጽሐፉን ዘጋችው። ዳሪማ የእናቷ ታናሽ እኅት ናት። አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ሲሆን በኖርጁንማ ጓሮ ባለችው ትንሽ ቤት ትኖራለች፤ ጠዋትም ጨው ያለበትን የወተት ሻይ አብረው ነው የጠጡት።

አክስቷን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የተቆላ ማሽላ እየለቀመች አገኘቻት።

«አክስቴ፣ በስድሳ ሦስት የመጣውን የሌኒንግራድ ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ?»

«ያንን ትንኝ የበላውን? እንዴት እረሳዋለሁ። ስኳር ሰጥቶኛል።»

«ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«የጠየቀኝን ነዋ። ሸለቆው ውስጥ ያለው መንፈስ ማን ይባላል አለኝ።»

«እና ቹልዱም አልሽው።»

«ታዲያ እውነተኛውን ስሙን ልንገረው? ለባዕድ? ወረቀት ላይ ጽፎ ሌኒንግራድ ድረስ ሲጠራው ይክረም?» አሮጊቷ አንዲት ጠጠር አንሥታ ምድጃው ውስጥ ወረወረች። «የእናቴን ዘጠኝ ዓይን ማንኪያ ወስዶ በምስማር ግድግዳ ላይ የቸነከረው ማን ነው? ከሥሩም "የድንቁርና ዕቃ" ብሎ የጻፈው? እናቴ እስክትሞት ድረስ ሻዩን ለሰማይ የረጨችው በብርጭቆ ነው። በብርጭቆ! ጎረቤት እያየ!»

«ዝም ብትይውስ?»

«ዝም ካልኩት ሌላዋን ይጠይቃል። አንዷ ቂል ታወጣዋለች። ስለዚህ መሸፈኛ ስም ትሰጪዋለሽ፤ የምታውቂውን ሰው ስም። እኔ ብቻ መሰልኩሽ? ሁላችንም እንደዚያው ነው ያደረግነው። አብራኝ ታልብ የነበረችው ሴምቢል ሰውዬውን ሦስት ቀን አስጻፈችው፤ አማቷን፣ የአማቷን ወንድም፣ የእንስሳት ሐኪሙን...»

ኖርጁንማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «አጥር ሰባሪው መንፈስ» የሚለው ጽሑፍ ትዝ አላት፤ ጅምር የሚል ደረጃ የሰጠችው። አጥር የሚሰብረው የመንደሩ የጋራ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር፤ ስሙም ያው ነው። «ጥጃ አሳማሚው»ስ? የእንስሳት ሐኪሙ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ ስታቃናቸው የኖረችው አጋንንት ግማሾቹ የእርሻው ደመወዝተኞች ናቸው። ሊቁ መጥቶ፣ ትንኝ በልቶት፣ የመንደሩን ሐሜት በሦስት መቶ ገጽ አሳትሞ ሄዷል። ለዚህም ዶክተር ተብሏል።

«ዋሽቼ ነበር ብለሽ ለጋዜጣው ንገሪልኝ» አለቻት። «አዘጋጁን ኦርላንን አመጣዋለሁ፤ የምትነግሪውን ያትመዋል። መዝገቡ የታተመ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው።»

«እኔ አልዋሸሁም። ሸፈንኩ።»

«እሺ፣ ሸፍኜ ነበር በይ። ሰውዬው የልጅ ልጁን ልጅ ጸጉር ሊቆርጥ ነው፣ አክስቴ። ሌላ ሰው የለውም። የራሱ ልጅ ሞቷል።»

ዳሪማ እጇን ከማሽላው አወጣች። «የሕፃኑን ጸጉር ከለከሉት?»

«በአንቺ ምክንያት።»

«በማንኪያው ምክንያት» አለች አሮጊቷ፤ ድምፅዋ ግን ለስልሷል። «አነሣለታለሁ። ግን ክዳኑን አንሥቼ ክፍቱን አልተወውም። ሌላ ስም አምጪልኝ።»

«አንድ የፈጠራ ስም እንስጠዋ።»

«የሌለ ሰው ስም አይከድንም። ሲጠሩት አቤት የሚል ሰው መሆን አለበት። አለዚያ ባዶ መሆኑን ያውቃል።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«እሱ።»

«አክስቴ፣ የለም እኮ!»

«ከሌለ ምን ጨነቀሽ? ስም ስጪኝ።»

በየመንደሩ ያደረገችው ንግግር ሁሉ በዚህ አንድ ጥያቄ አፉን ተያዘ። ስም መፈለግ ጀመሩ። የጋዜጣው አዘጋጅ ኦርላን? ባለፈው ሳምንት ሴት ልጁ ወልዳለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ? በመከር ልጇን ትድራለች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር? ደስ ይለዋል፤ ደንበኛ ይበዛለታል፤ አይሆንም።

«አልዲናይ!» አለች ዳሪማ ድንገት፣ ዓይኗ በርቶ።

ሁለቱም ነገሩን እያጣጣሙ ቆዩ።

«ያኔ ሕፃኑ የጋኔን የልጅ ልጅ ይሆናል» አለች ኖርጁንማ በመጨረሻ።

«አዎ» አለች አክስቷ። «ያሳዝናል።» ያሳዘናት ሕፃኑ ሳይሆን ያመለጠቻቸው አልዲናይ መሆኗ ከፊቷ ይነበባል። ከዚያ አንገቷን ወደ ማሽላው ደፋች። «ልጅ የሌለው ሰው ነው የሚያስፈልገን። ከብትም የሌለው። ጋብቻ የሚጠይቀው የሌለ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል እንግዲህ...»

ኖርጁንማ የአክስቷን ጎባጣ ጀርባ ተመለከተች። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ገምጋሚ ስለ ራሱ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ደረጃ አይሰጥም፣ ስሙ የተነሣበትን ዘርፍም ይለቅቃል። ይህንንም ያረቀቀችው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ማሞቂያው አጠገብ ምን ልታደርግ ነው? ዘርፉስ ለማን ይቀራል? ለጉጉት። ያ ሰውዬ በአንድ ዓመት ውስጥ የአገሩን አሮጌ ሁሉ ከነፎቶው ያሰፍራል።

«የእኔን ስጪው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማንኪያ ትሰርቃለች ብቻ እንዳትዪ።»

«ማንኪያውን ምን አደርገዋለሁ፤ የራስሽ ጥፋት አለሽ አይደል?» አለች ዳሪማ።

ኦርላን በማግስቱ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። ኖርጁንማ ጋዜጣው ቤት ጡረታ ስትወጣ እሱ ጀማሪ ዘጋቢ ነበር፤ እስከዛሬ ይፈራታል።

«እትዬ ኖርጁንማ፣ ይህን እኔ እንዴት አትማለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ባለፈው ወር ሰባት ዓይን ያለው በግ ተወለደ ብለህ አትመሃል።»

«እሱ ፎቶ ነበረው።»

«ዓይኖቹን ቆጥሬያቸዋለሁ። ጻፍ።»

ጻፈ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ በከብት ክትባት ማስታወቂያና በእግር ኳስ ውጤት መካከል ወጣ። ከመታተሙ በፊት ኖርጁንማ ራሷ አረመችው፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አገኘች። «የሰማንያ አራት ዓመቷ ወይዘሮ ዳሪማ እንደገለጹልን፣ በስድሳ ሦስት ለሌኒንግራዱ ሊቅ የሰጡት ስም ትክክል አይደለም። ቹልዱም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የሸለቆው እርኩስ መንፈስ ሴት ስትሆን ኖርጁንማ ትባላለች። ማለዳ ተነሥታ ሙቅ ቦታ ትይዛለች። ሰዎች ለፍተው የጻፉትን ትበላለች። በልታም አትጠግብም፤ ከየት አመጣኸው እያለች ታፋጥጣለች።»

ጋዜጣው የወጣ ዕለት ቹልዱም እያነከሰ ቤቷ መጣ። ሳይቀመጥ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ጋኔን የለም ብለው ያስተማሩኝ? ከሌለ ስሜ ማንን ይጎዳል?»

«እንደሱ ከሆነ የእኔስ ማንን ይጎዳ ነበር?»

ኖርጁንማ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትከራከር እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ትደርሳለች። ሻይ ቀዳችለት። ቆሞ ጠጣው። ከዚያ ኪሱን ዳበሰና የሚለማመድበት መቀስ እንዳለ አረጋገጠ።

ጉጉት በደስታ ሊሞት ደረሰ። «ከመጀመሪያዋ ነጋሪ አፍ የተገኘ፣ በኅትመት የተረጋገጠ አዲስ ማስረጃ!» ብሎ ጻፈ። ርእሱን ለወጠው፤ የቹልዱምን ፎቶ አነሣው። «የኖርጁንማ ምስል ይገኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀ። «አይገኝም» አለችው። ደረጃ የሚሰጥበትን ሣጥን ባዶውን ተወችውና ከሥሩ የመጨረሻዋን ማስታወሻ ጻፈች፦ «የዚህ ዘርፍ ገምጋሚ የጽሑፉ ርእስ ስለሆነች ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን ለቅቃለች።» ጉጉት ወዲያው መለሰ፤ ርእሷና ገምጋሚዋ አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የታተመ ነገር እንዳለ ጠየቀ። ኮምፒዩተሩን አጠፋችው። ለቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ነገ እንደማትመጣ ነገረቻት፤ ሴትዮዋም ጋዜጣውን አንብባ ኖሮ «አይ፣ እረፊ፣ እረፊ» አለቻት፣ ከባንኮኒው ኋላ ሆና።

በድግሱ ቀን አልዲናይ ስልኳን ሁለት ጊዜ አየች፤ አንዴ በጉ ሲታረድ፣ አንዴ ቹልዱም በበሩ ሲገባ። ከዚያ ራሷ ክንዱን ይዛ የክብር ቦታው ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን፤ የተጻፈው ነገር ነው ያሳሳተን» አለች። ከማኅበሩ የመጣው ቃልቻ ከበሮውን ታቅፎ ጥግ ይዟል፤ እንዲመታ ሲነገረው ይመታል፣ ዝም በል ሲባል ይበላል። ሰሌዳቸው ላይ ያለው መስመር ታርሞ «ኖርጁንማን ማባረር» ተብሏል፤ ሒደቱ ያው ነው።

ሕፃኑን በነጭ የሱፍ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። ቺንቺ ሰማያዊ ሐር የታሰረበትን መቀስ ለአያቷ ሰጠችው። የሽማግሌው እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ግቢው ሁሉ እጁን ያያል። ሕፃኑ ቀና ብሎ የሽማግሌውን ትንሿን ዓይን ተመለከተና ሳቀ። ቹልዱም ከጆሮው በላይ ያለችውን ቁንዳላ በሁለት ጣቱ ያዛት፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ቆረጠ። ጆሮው ደህና ነው። ቁንዳላዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ለቺንቺ ሰጠና ውርንጭላ መርቄለታለሁ አለ።

ኖርጁንማ ይህን ያየችው ከበሩ ሥር ሆና ነው፤ ነፋሱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፣ አልዲናይ ያስቀመጠቻትም እዚያ። በግራም በቀኝም ማንም አልተቀመጠም። ሦስት ሰው የሚበላው የበግ ላት ፊቷ ቀርቦላታል።

መቀሱ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። እንግዳው ሁሉ በተራው አንዳንድ ቁንዳላ እየቆረጠ ምርቃቱን ይሰጣል። ሕፃኑን ታቅፋ የምታዞረው አልዲናይ ናት። በሩ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን ሰፋ አድርጋ አለፈች፤ ትንሽ አለፍ ብላም ዞር አለች።

«እርስዎ በመቁረጥ አይድከሙ፣ እትዬ ኖርጁንማ። አሁን የያዙትን ይብሉ።»

ወዲያ ማዶ ቹልዱም ዱላውን ተመርኩዞ ሊነሣ ሲል አየችው። ቁጭ ይበሉ ብላ በዓይኗ ገሠጸችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዘጋቢዎችን ያስቀመጠችበት ዓይን ነው፤ ተቀመጠ።

«ግድ የለም፣ አልዲናይ» አለች፣ ከላቱ ደህና አድርጋ ቆርጣ። «እጄም ቅባት ነው።»